የጋሽ ለብታ ክርን

አጎቴን በስሙ የሚጠራው ሰው ትዝ አይለኝም። ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ ዘበኛው፣ ታማሚዎቹ፣ ሁሉም «ጋሽ ለብታ» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከውሃ ነው። መነኮሳቱ በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል፣ በወንዶች ክፍል፣ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ማጠብ ሥራው ነበር። ማጠብ ስል ግን ሳፋ ተሸክሞ ሄዶ ሰው ላይ መድፋት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሙቁን ይቀዳል፣ ቀዝቃዛውን ይጨምራል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ከዚያ ክርኑን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ይጨፍናል። ላየው ሰው የሚጸልይ ይመስላል። «ጣት ይዋሻል» ይል ነበር። «ጣት ሥራ ለምዶ ደንዝዟል። ክርን ግን ሥራ ፈት ስለሆነ እውነቱን ይናገራል።» ውሃው ለብ ማለቱን ክርኑ ካልመሰከረለት፣ ንጉሥ ተኝቶ ቢጠብቀው እንኳ ንቅንቅ አይልም።

የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ስትሞት ወደዚያ ግቢ ያስገባኝ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሥራ ያገኘልኝ እሱ ነው። ከማጠቢያው ጀርባ ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩን። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሱ ሲያስል እሰማዋለሁ፣ እኔ ስነጫነጭ ይሰማኛል። ቶሎ የምበሳጭ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ቀኑን ሙሉ በሶዳና በፈላ ውሃ መሃል የሚውል ሰው ጠባዩ ማር ማር አይልም። እጄ ተሰነጣጥቆ፣ ቅባት ቢቀቡት የማይጠግብ ደረቅ እንጨት መስሏል። «አንተ ሰው ታጥባለህ፣ እኔ ሰው የተኛበትን አጥባለሁ» እለው ነበር። «ያንቺው አይናገርም፣ የኔው ይሳደባል። በዚህ ትበልጪኛለሽ» ይለኛል።

ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ከማጠቢያው በር ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው፣ አጎቴ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ በሁለት እጁ ሳፋ ይዞ በመሃሉ ያልፋል። እስከ ወገቡ በነጭ ጉም ተሸፍኖ፣ መሬት የማይነካ፣ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ሰው ይመስላል። ድምፁ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ። እግሩን እንፋሎቱ ይደብቅልኛል። ነገሩ ሁሉ የመጣው ግን ከእግሩ ነው።

በኮሪደሩ ጫፍ የቅዱስ ካሚሎስ ሥዕል ተሰቅሏል። ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል አለ፣ በክንዱ አንድ የታመመ ሰው ታቅፏል። መነኮሳቱ ታሪኩን ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ይነግሩታል። በወጣትነቱ ወታደርና ቁማርተኛ ነበር ሲሉኝ፣ «እንግዲያው ለዘበኛችንም ተስፋ አለው» ብዬ ሳቅሁ። እግሩ ላይ እስኪሞት ድረስ ያልዳነ ቁስል ነበረበት። ገዳም ሊገባ ሄዶ በዚያው ቁስል ምክንያት ተመለሰ። ሊታከም ሆስፒታል በገባ ጊዜ ነው፣ አጠገቡ የተኙትን ዞር ብሎ የሚያያቸው እንደሌለ ተመልክቶ ማስታመም የጀመረው። በሽተኞችን «ጌቶቼ» እያለ ይጠራ ነበር ይባላል። አጎቴ በዚያ ሥዕል ሥር ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና፣ «እንዴት አደርክ? እግርህስ?» ይለዋል፣ አብሮት እንደሚሠራ ሰው። ሁላችንም እንስቅ ነበር።

«ጌቶቼ» ከምትለዋ ቃል ነው የእኛ ሆስፒታል የጌቶች ቀን የተወለደው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቅዱሱ ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ የሚያዙት በሽተኞቹ ናቸው። ሁሉም ሠራተኛ፣ ሐኪምም ሆነ ዘበኛ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የአልጋ ቁጥር ዕጣ ያወጣል። ከዚያ በደረሰው አልጋ ግርጌ እጁን አጣጥፎ ይቆምና «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ በሴቶች ክፍል «እመቤቴ» ነው። በሽተኛው አንድ ነገር ያዛል። ጤናውን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር የታዘዘው ይፈጸማል። አንድ ዓመት አንዱ ሽማግሌ ወጣቱን ሐኪም «አልጋዬ ላይ አንድ ሰዓት ተኛና ጣሪያውን እይልኝ» ብለው አዘዙት። ሐኪሙ ተኛ፣ አየ፣ በሳምንቱ ጣሪያው ቀለም ተቀባ። ሌላው ዘበኛውን አፏጭልኝ አለው፤ ዘበኛው ግን ማፏጨት ሳይሆን መትፋት ነበር የሚችለው። ደግሞ አንዲት ሴት ወጥ ቤት ሠራተኛዋን «ቁጭ በይና ስለ ልጆችሽ ንገሪኝ» ብላት ሁለቱም ሲያለቅሱ መሸባቸው።

ለአዳዲስ ሠራተኞች ይህን ሥርዓት የሚያስተምረው አጎቴ ነበር። ጣቱን ቀስሮ «ዛሬ አይሆንም የሚባል ቃል የለም» ይላቸዋል። «ሐፍረት ነው፣ ደክሞኛል፣ ነገ ይሁን፣ አይሠራም። ዓመቱን ሙሉ እነሱ አይሆንም ማለት ሳይችሉ ዞር በል፣ ግለጥ፣ ክፈት ስንላቸው ነው የከረምነው።» ይህ ስብከቱ በመጨረሻ እሱኑ ጠልፎ ጣለው።

አሁን ስለ እግሩ ልናገር፤ እኔም በነገሩ ውስጥ ስላለሁበት ቀላል አይደለም። ነገሩ ከመገለጡ አራት ዓመት በፊት የብረት አልጋ ሲያንቀሳቅስ ጎማው ግራ ቁርጭምጭሚቱን ላጠው። ትንሽ ነገር ነበረች። አልዳነችም። በወሩ እንደ ሳንቲም፣ በዓመቱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ማየት ትቼ ፋሻውን ብቻ ማጠብ ያዝኩ። «ለሐኪም አሳይ» ስለው «ለሐኪም ካሳየሁ ሲስተር ትሰማለች» ይለኛል። ሲስተር ያለው የሆስፒታሉን ኃላፊ መነኩሲት ነው። የወንዶች ክፍል መግቢያ ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ ክፍት ቁስል ያለበት ሠራተኛ ታማሚ አይነካም ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሞኙ አጎቴ።

«ከዚህ ክፍል ካስወጡኝ የት ነው የምሄደው?» አለኝ አንድ ጠዋት፣ ፋሻውን ስጠቀልልለት። ሲለምን ሰምቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ ሲያጥብ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደተባለው ሆነብኝ። ብናገር ሥራው ሕይወቱ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሲስተር ያንን ወረቀት የለጠፈችው ለጌጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጓንት ያደርጋል፣ ፋሻው ወፍራም ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ፋሻውን ከአሮጌ አንሶላ ቀድጄ እሠራለታለሁ፤ ለብቻው ቀቅዬ፣ ከሰው ዓይን ርቄ አሰጣዋለሁ። አራት ዓመት።

በአራተኛው ዓመት ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ገቡ። «አባባ ሰፊው» እንላቸዋለን። አምሳ ዓመት ደረጃ ሥር ተቀምጠው የሰው ጫማ ሲጠግኑ ወገባቸው አልታዘዝ ብሎ፣ እግራቸው በድን ሆኖ፣ ዓይናቸውም ጨላልሞ ነው የመጡት። እጃቸው ብቻ ጤነኛ ነበር፤ ትልልቅ፣ ቆዳ የመሰሉ እጆች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። የተኙ ይመስላሉ እንጂ አይተኙም፣ የሰውን ኮቴ ነው የሚሰሙት።

አንድ ቀን አንሶላ ልቀይር ብገባ ከግድግዳው ጋር የሚያወሩ መስለው፣ «አንቺ የማጠቢያዋ ልጅ ነሽ፣ ጫማሽ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ።

«በምን አወቁ አባባ?»

«ይንጨጫጫል። ያ ወጣት ሐኪም ደግሞ ተረከዙን ይጎትታል፤ እናቱ ሰነፍ እያለች ያሳደገችው ነው። ሲስተር ጫማዋ አንድ ቁጥር ይሰፋታል፤ የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።» ከግድግዳው ሳይዞሩ ቀጠሉ። «አጎትሽስ ለምንድን ነው በግራው የሚዋሸው?»

«ጫማው ጠቦት ነው» አልኩ።

«ጫማ የጠበበው ሰው ጣቱን ይሰበስባል። እሱ ቁርጭምጭሚቱን ነው የሚሸሸው። ልክ እሳት እንደረገጠ ሰው አንስቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ምንም የለበትም አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። የታመመ ሽማግሌ ላይ። አንሶላውን በግማሽ ትቼ ወጣሁና ማጠቢያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

የጌቶች ቀን ደረሰ። እንደ ሕልም የሚመስል ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቀጭን ዝናብ ወርዶ አቁሞ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ ነጫጭ አልጋዎቹ ላይ ተኛች። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲዋኝ ይታያል። በሽተኞቹ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ትራስ ተደግፈው፣ እንደ ሙሽራ ይጠብቃሉ። አጎቴ ግን በዚያ ቀን ዘግይቷል። ሌላ ጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ማጠቡን ይጨርስ ነበር፤ እግሩ ስለባሰበት፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ሲደወል አስራ አንድ ቁጥር ላይ የተኙት ጡረተኛ አስተማሪ ጀርባቸው ሳይታጠብ ቀርቶ ነበር።

ዕጣ ወጣ። ለአጎቴ ሰባት ቁጥር ደረሰው። ደስ አለው፤ አባባ ሰፊውን ይወዳቸዋል። «መስኮት ክፈት ነው የሚሉኝ፣ ታያላችሁ» እያለ ሄዶ በግርጌያቸው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሁላችንም እየሳቅን ከበብን። ሲስተርም ቁልፎቿን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?»

አባባ ሰፊው ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩ። ሲዞሩ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ወንበር ሳብና እዚህ ቁጭ በል» አሉ። «ሳፋህን አስመጣ። የግራ ጫማህን አውልቅ። እግርህን እኔ ነኝ የማጥበው።»

ሰው ሳቀ። አጎቴም ለመሳቅ ሞከረ። «አባባ፣ እግሬ እኮ ይሸታል። ክፍሉን ሙሉ ራሳቸውን ያስታል» አለ።

«አምሳ ዓመት የሰው ጫማ ሳሸት ኖሬ ያንተ ይገድለኛል?»

«ወገብዎ አይችልም።»

«በወገቤ አይደለም የማጥብህ።»

«ሌላ ነገር ይዘዙኝ። እባክዎ አባባ።» ድምፁ ተለወጠ። ሳቁ ከአልጋ አልጋ እየተቆራረጠ ቆመ። አጎቴ ዞር ብሎ ፈለገኝ፣ ከሰው መሃል አገኘኝ። ዓይኑን አልረሳውም። ሮጬ ሳፋውን መድፋት፣ እሳት ተነሣ ብዬ መጮህ አማረኝ። ግን አንዱንም አላደረግኩም።

ከአስራ አንድ ቁጥር አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ዛሬ አይሆንም የሚባል ቃል የለም። የማን ትምህርት ነበር ይሄ?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። አያውቁም።

አጎቴ ሳፋውን ራሱ አመጣ። ሙቁን ቀዳ፣ ቀዝቃዛውን ጨመረ። እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ነከረና ዓይኑን ጨፈነ። ከወትሮው ረጅም ጊዜ ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን አንስቶ አልጋው ላይ ባኖረው ሳፋ ጠርዝ ሲያሳርፍ የፋሻው ጫፍ ታየ። የሆስፒታሉን ልብስ ሁሉ ጥግ ላይ በቀይ ክር ትንሽ መስቀል እየሰፋሁ ምልክት የማደርገው እኔ ነኝ። ከአሮጌ አንሶላ የቀደድኩት ፋሻ ላይም ያቺ ቀይ መስቀል ነበረች። ሲስተር አየቻት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

አባባ ሰፊው ምንም አልቸኮሉም። ፋሻውን በዳበሳ ፈቱት፣ የተጣበቀውን በውሃ እያራሱ አላቀቁት። ቁስሉ ሲገለጥ ከነርሶቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው ግን ዳርዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ ስፌቱ የተተረተረ ጫማ እንደሚመረምሩ። ውሃውን በእፍኛቸው እየቀዱ አፈሰሱለት። በክፍሉ ውስጥ የውሃ ጠብታ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ፀሐይዋ ሳፋው ላይ አርፋ ጣሪያው ላይ የብርሃን ማዕበል ትሠራለች፤ ሌሎቹ በሽተኞች ያንን ማዕበል ያዩ ነበር፣ የአጎቴን እግር ላለማየት ብለው ይመስለኛል።

«ስንት ዓመት?» አሉ አባባ ሰፊው።

«አራት።»

«አራት ዓመት በዚህ ቆመህ እኛን ታጥባለህ?»

የአጎቴ እንባ በአፍንጫው ጎን ወርዶ ጋዋኑ ላይ ተንጠባጠበ። ለካ ይህ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንድም ሰው አጥቦት አያውቅም። ያኔ ነው የገባኝ። ተናድጄ ነበር፤ በአባባ ሰፊው፣ በሲስተር፣ በቅዱሱም ጭምር። ከሁሉም በላይ ግን በራሴ።

ሲስተር ቀረበች። እዚያ ሆስፒታል በመጣች ጊዜ አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር ያሳያት አጎቴ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊ ሆናም «ጋሼ» ነው የምትለው። «ጋሼ» አለች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ታማሚ አይነኩም።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ሥዕል አገጩን ቀሰረ። «እሱም እኮ ቁስሉን ይዞ ነው የሠራው፣ ልጄ።»

«እሱ አልደበቀም» አለች ሲስተር። «ገዳም ሲመልሰው እንኳ ቁስሉ ታይቶ ነው የመለሰው። እርስዎ ግን ደበቁን። ከጌቶችዎ ደበቁ።»

ከዚህ በላይ ማንም ምንም አላለውም፤ አልተሰደበም፣ አልተጮኸበትም። ግን ቅስሙ ሲሰበር በዓይኔ አየሁ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ። ካልሲውን በእርጥብ እግሩ ላይ ሊያጠልቅ ታገለ።

«ወዴት ነው?» አሉ አባባ ሰፊው።

«ወደ ቤቴ።»

«ይሂዱ ያለዎት አለ እንዴ?» አለች ሲስተር። «ታማሚ አይነኩም አልኩ እንጂ ይሂዱ አላልኩም። ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ነው። እዚያ ይተኛሉ፣ ሐኪም ያይዎታል።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ አልጋውን አንጥፊ። ካንቺ ጋር ነገ እንነጋገራለን።» በማግስቱ ተነጋገርን፤ ያን ያህል ተሰድቤ አላውቅም፣ ይገባኛል።

አልጋውን አነጠፍኩ። አጎቴ ፒጃማ ለብሶ ተኛ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ክፍል ሠርቶ ጣሪያውን ከሥር ሲያየው የመጀመሪያው ነው። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አጋድሞ፣ የማን እጅ እንደሆነ እንዳልገባው ሰው ያየዋል። ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ወርዳ ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል። ሁሉም ትዕዛዙን ፈጽሞ ጨርሷል፤ ቀኑ ሊያልቅ ነው።

ያኔ ሲስተር ቁልፎቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መጥታ በዘጠኝ ቁጥር አልጋ ግርጌ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ጌታዬ» አለችው፣ «ምን ልታዘዝ?»

ነገሩ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ በራልን። ዛሬ ጀምበር እስክትጠልቅ እሱ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ያዛል። ሥራዬን መልሺልኝ ቢላት እንዴት አይሆንም ልትል ነው? «እዘዛት፣ እዘዛት» እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። አስተማሪውም ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አይቻቸዋለሁ።

አጎቴ ወረቀቱን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«የአስራ አንድ ቁጥር ጀርባ አልታጠበም» አላት። «አንቺ እጠቢልኝ።»

ሲስተር ይህን አልጠበቀችም። ከቢሮ ወረቀት ጋር መታገል ከጀመረች ስንት ዓመቷ! ሳፋ አመጣን፣ ሙቁን ቀዳች፣ ቀዝቃዛውን ጨመረች፣ ጣቷን ነከረች።

«ጣትሽን አይደለም» አለ አጎቴ ከትራሱ ላይ ቀና ብሎ። «ክርንሽን።»

የመነኩሲት እጅጌ እስከ ክርን ተሰብስቦ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። ሰበሰበች። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ልጅ ክርን ነበር። ነከረችውና ሳትወድ በግድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ይላል?»

«ትንሽ ይሞቃል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም። ስሚው።»

«ይሞቃል።»

«ጨምሪበት። አሁንስ?»

«አሁን... አሁን ምንም አይልም።»

«በቃ፣ እሱ ነው። ውሃ ምንም ሳይልሽ ሲቀር ነው ለሰው የሚሆነው። ከትከሻቸው ጀምሪ። ፎጣውን አትጎትቺ፣ አሳርፊው። ያጠብሽውን አልብሺ፣ ከዚያ ሌላውን ግለጪ። ብርድ ሰውን የሚያዋርደው ከበሽታው በላይ ነው።»

ከዘጠኝ ቁጥር እያዘዘ፣ እሷ በአስራ አንድ ቁጥር እያጠበች ጀምበር ጠለቀች። አስተማሪው ሲያልቅ ዞር አሉና፣ «ስልሳ ከመቶ። አልፈሻል፣ ልጄ» አሏት። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፣ አጎቴም ሳቀ፣ ሲስተር ግን ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

አባባ ሰፊው ብዙ አልቆዩም፣ ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ግን ሥራ አሠሩኝ። የአጎቴን ግራ ጫማ አስመጥተው በዳበሳ ለኩት፣ በቁርጭምጭሚቱ በኩል የት እንደምቀደው፣ በምን ቆዳ እንደምሸፍነው፣ ስፌቱን እንዴት እንደማጠብቀው ነገሩኝ። «ጠማማ ሰፍተሻል» እያሉ ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ። እኔም እየተነጫነጭኩ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። አጎቴ አድርጎት በክፍሉ ውስጥ ሲሄድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። «አሁን እውነቱን ነው» አሉ።

ቁስሉ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ሐኪሙ ምናልባትም እስከ መጨረሻው አይዘጋም ብሎታል። አጎቴ ከአልጋ ተነሥቶ ወደ መኖሪያ ክፍሉ ተመለሰ፣ ወደ ሥራው ግን አልተመለሰም። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ግን ሲስተር አንድ ነገር ፈጠረች። ጠዋት ጠዋት ከማጠቢያው በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ አዲሶቹ አጣቢዎች ሳፋቸውን ይዘው በፊቱ ይሰለፋሉ። ክርናቸውን ነክረው የተሰማቸውን ይነግሩታል፤ እሱ ፊታቸውን አይቶ «ይሂድ» ወይም «ይቆይ» ይላል። ከእንፋሎቱ መሃል ድምፁ ብቻ ይሰማኛል፤ ይሂድ፣ ይቆይ፣ ይሂድ። ደህና ይመስላል። ሲመሽ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ሥራ እንደተከለከለ ሰው ያያቸዋል። ያ ሁልጊዜ ያመኝ ነበር።

ዘንድሮ የጌቶች ቀን ሲደርስ ሲስተር ቆርቆሮውን ይዛ ማጠቢያው ድረስ መጣች። «ጋሼ ከበሽተኛ መዝገብ አልወጡም» አለች። «ዕጣቸው ገብቷል።» እጄን ሰድጄ አወጣሁ። ዘጠኝ ቁጥር። ሲስተር ወደ ጣሪያው ታያለች። መነኩሲት ዕጣ ታጭበረብራለች ብዬ አልናገርም።

ወንበሩ ፊት ቆምኩ፣ እጄን አጣጠፍኩ። ሳቄ እየመጣ፣ «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩት።

«ሳፋ አምጪ» አለኝ።

አመጣሁ። ሙቁን ራሱ ቀዳ፣ ቀዝቃዛውን ራሱ ጨመረ። እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ነከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የማንን ጀርባ ሊያጥብ ነው፣ አይፈቀድለትም ብዬ ደነገጥኩ።

«እጅሽን ስጪኝ» አለ።

«የኔን?»

«አንቺ ታማሚ አይደለሽም። ወረቀቱ አንቺን አይልም። አራት ዓመት ፋሻዬን ስታጥቢ አንድ ቀን እጅሽን አላየሁትም።»

አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀኑ ትዝ አለኝ፤ ጎኑ ተንበርክኬ ሁለቱንም እጄን ውሃው ውስጥ አስገባሁ። የተሰነጠቀውን አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቱ፣ ሳይቸኩል አጠበልኝ። ውሃው ምንም አላለኝም።